የኮሎምቦ ጓንትና የፎክስ ሪቨር ቱቦ

ደብረ ብርሃን ላይ ፊልም ፍላሽ የሚጭኑ ሱቆች በራፍ ላይ፣ ተቋርጠው ከዓመታት በኋላ ስለተመለሱ የወንጀል ተከታታዮች የማያልቅ ክርክር አለ። «ፕሪዝን ብሬክ አምስተኛው ሲዝን ባይሠራ ይሻል ነበር» የሚል አለ፤ «ማይክልን በሕይወት ማየቱ ብቻ ይበቃኛል» የሚልም አለ። ሦስተኛው ደግሞ «24 የሚባለው ድራማ እኮ በ12 ክፍል ነው የተመለሰው፣ ስሙን ማስተካከል ነበረባቸው» ብሎ ያስቃል። ክርክሩ እልባት የማያገኘው ሁሉም የየራሱን ስለሚመዝን ነው። አንዱ ተዋናዩን ይዟል፣ አንዱ የምስሉን ጥራት፤ አንዱ ደግሞ በልጅነቱ ሌሊት ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያየበትን ስሜት ይዞ ይሟገታል።

የወንጀል ድራማ ደራሲዎቹ በገዛ እጃቸው የሚያስሩት ገደብ አለው። ኮሎምቦ የተባለው የመርማሪ ድራማ ገዳዩን ገና ከመጀመሪያው ያሳየናል፤ ስለዚህ «ማን ገደለ?» እያለ ሊያንጠለጥለን አይችልም። 24 የሚባለው ድራማ በታሪኩ ውስጥ አንድም ሰዓት መዝለል አይችልም። ፕሪዝን ብሬክ እስረኞቹን በሁለተኛው ክፍል ማስወጣት አይችልም። ሎው ኤንድ ኦርደር ግማሹን ጊዜ ለፖሊስ፣ ግማሹን ለዐቃቤ ሕግ መስጠት ግዴታው ነው። ተመልሶ የመጣ ተከታታይ ሲመዘን መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ ገደቡም አብሮ ተመልሷል? ወይስ የተመለሱት ተዋናዮቹ ብቻ ናቸው? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ለሰሜን ሸዋ ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አውጫጭኝን ትልልቆቹ ያውቁታል፤ ሌላው አገር አፈርሳታ ይለዋል። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሞቶ ገዳዩ ሲጠፋ ያገሬው ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይሰየማሉ፣ ሰው ሁሉ ይምላል፤ «ወፍ» የሚባለው ምስጢራዊ ጠቋሚ ያየውን ማንነቱ ሳይገለጥ ለሽማግሌዎቹ ያደርሳል። ጥፋተኛው ካልወጣ ካሳው የሁሉም ዕዳ ይሆናል። እንግዲህ እርሻው ቆሞ፣ ከብቱ ጠባቂ አጥቶ ሰው እዚያው ሜዳ ላይ ይውላል። ምስጢሩን የሚያወጣው የሽማግሌዎቹ ብልኀት ብቻ አይደለም፤ ተነሥቶ ወደ ቤት መሄድ አለመቻሉም ነው። «ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀምጣችሁ ተበተኑ» ቢባል ኖሮ ወፉም ባልዘመረ። የወንጀል ድራማም እንዲሁ ነው፤ መውጫው በር ከተከፈተ ጭንቁ አብሮ ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚያውቀውን ፕሪዝን ብሬክን እንያዝ። በ2005 ፎክስ ላይ ተጀመረ፤ በ2009 በአራተኛው ሲዝን ተዘጋ። ማይክል ስኮፊልድ መሐንዲስ ነው። ሞት የተፈረደበትን ወንድሙን ሊያስመልጥ ፎክስ ሪቨር የሚባለውን እስር ቤት ፕላን ገላው ላይ ተነቅሶ፣ ባንክ ዘርፎ ሆን ብሎ ይታሰራል። በሁለተኛው ክፍል የሚሆነውን ላስታውሳችሁ። ግቢው ውስጥ ካለው የብረት መቀመጫ አንድ ብሎን ይፈታል። የብሎኑ ዓይነትና ቁጥር ክንዱ ላይ በንቅሳት ተጽፏል። ሌላ እስረኛ ይነጥቀዋል፤ መልሶ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ብሎኑን ወለሉ ላይ እየፈተገ ባለ ስድስት ጎን መፍቻ ያደርገዋል፤ በእሱም የክፍሉን ሽንት ቤት ከግድግዳው ይፈታል። አንድ ብሎን ለማግኘት፣ ለማጣት፣ መልሶ ለማግኘትና ለመሞረድ አንድ ሙሉ ክፍል ሄደ። አሰልቺ የሚመስል ነገር ነው፤ ግን እስር ቤት ውስጥ አንድ ብሎን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያን ጊዜ ገባን።

ይህን የሚያህለው የክሊኒኩ ቱቦ ነው። ማይክል የስኳር በሽተኛ ነኝ ብሎ ኢንሱሊን ለመወጋት በየቀኑ ክሊኒክ ይገባል። በሽታው የለበትምና መርፌው እንዳይጎዳው፣ ደሙም ሲመረመር እንዳያጋልጠው ሌላ ክኒን በስውር ይውጣል። በገባ ቁጥር በጥርስ ሳሙና ቱቦ የደበቀውን የሚያዝግ ኬሚካል ወለሉ ላይ ባለው የፍሳሽ ቀዳዳ ጠብ ያደርጋል፤ ሥር ያለው ትልቁ ቱቦ ቀስ በቀስ ይበላል። በ13ኛው ክፍል፣ ሁሉም ተዘጋጅቶ ከሥር ሲመጡ፣ የተበላው ቱቦ ተነሥቶ በአዲስ ተተክቷል! የሳምንታት ልፋት አንድ የጥገና ሠራተኛ ሳያውቅ አበላሸው። ተመልካቹ የደነገጠው ሙዚቃው ስለጮኸ አይደለም፤ ጠብታውን አብሮ ሲቆጥር ስለከረመ ነው። መውጣቱ የሆነው በ21ኛው ክፍል ነው።

በ2017 ተመልሶ የመጣው አምስተኛው ሲዝን 9 ክፍል ብቻ ነው። ማይክል ሞቷል ብለን ያለቀስንለት ሰው በሰንዓ፣ ኦጂጂያ በሚባል እስር ቤት በሕይወት ተገኘ። ከዚያ እስር ቤት የወጡት በአራተኛው ክፍል ነው። የቀሩት አምስት ክፍሎች ሩጫና የሞተ ሰው እንዴት እንዳልሞተ ማስረዳት ናቸው። ብዙ ሰው «ክፍሉ አነሰ» ይላል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። 9 ክፍል ሙሉ ኦጂጂያ ውስጥ ማቆየት ይቻል ነበር። ጉድለቱ በሩን ቶሎ መክፈታቸው ነው። ንቅሳቱም ተመልሷል፤ አሁን እጁ ላይ ነው፤ ሁለቱ እጆች ሲጋጠሙ የጠላቱን ፊት ይሠራሉ፣ ፊት የሚያነብ ማሽንም ያታልላሉ። ብልኀት ነው፣ አይካድም። ግን የድሮው ንቅሳት የሥራ መመሪያ ነበር፤ ይህኛው አንድ ጊዜ ተሠርቶበት የሚያልቅ ካርድ ሆኗል።

አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ የፎክስ ሪቨርን ካርታ ሳሉ፤ ክሊኒኩ የት ነው፣ የማይክል ክፍል የት ነው፣ የጠባቂዎቹ ማረፊያ፣ ግቢው፣ አጥሩ። የመጀመሪያውን ሲዝን እስከ አሥረኛው ክፍል ያየ ሰው ከሞላ ጎደል ይስለዋል። አንዱ ምክንያት ቀረጻው በ2002 በተዘጋው በእውነተኛው የጆሊዬት እስር ቤት፣ ኢሊኖይ ውስጥ መካሄዱ ነው፤ ግድግዳውና ርቀቱ እውነተኛ ነው። ኦጂጂያን ግን ዘጠኙንም ክፍል ያየ ሰው አይስለውም። የማናውቀው ቤት ውስጥ ደግሞ ማምለጥ ከባድ ይሁን ቀላል መፍረድ አንችልም።

ስለ ሰንዓው አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ድራማው ከተማዋን የምትወድቀው በአይሲስ እጅ አድርጎ ያሳያል። ሰንዓን በ2014 መስከረም የያዟት ግን ሁቲዎች ናቸው፤ አይሲስ ሰንዓን ይዞ አያውቅም። ቀረጻውም በሞሮኮ ነው። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሰንዓ የሠራ ዘመድ ያለው ተመልካች እነዚያን ረጃጅም፣ መስኮታቸው በነጭ ጀሶ የተከበበ ቤቶች ፈልጎ ያጣቸዋል። ለቺካጎ ተመልካች ይህ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን ጎረቤት ነው።

ነገር ግን ፍትሕም አለ። «የድሮው» የምንለው አንድ ወጥ ነገር አይደለም። የፕሪዝን ብሬክ ሦስተኛ ሲዝን በ2007 መጨረሻ በጀመረው የደራሲዎች የሥራ ማቆም አድማ ምክንያት በ13 ክፍል ተቋረጠ፤ አራተኛው ደግሞ ከማምለጥ ወጥቶ የስለላ ድራማ ሆነ። አምስተኛውን ከመጀመሪያው ጋር ብቻ የሚያነጻጽር ሰው ከባድ ሚዛን ነው የሰቀለው። ከአራተኛው ጋር ሲተያይ አምስተኛው ቢያንስ እስር ቤት ውስጥ ተመልሶ ለመግባት ሞክሯል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ መመዘን ይገባል፤ አንዴ ከድሮው ምርጥ ጋር፣ አንዴ የድሮው ካቆመበት ጋር።

አሁን ወደ ኮሎምቦ። ለዚህ ዓይነት ሚዛን ከእሱ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ምክንያቱም የድሮውም አዲሱም ዋና ተዋናይ አንድ ሰው ነው፣ ፒተር ፎልክ። ከ1968 የሙከራ ፊልም በኋላ ተከታታዩ ከ1971 እስከ 1978 ኤንቢሲ ላይ ሄደ፤ ከዚያ በ1989 ኤቢሲ ላይ ተመልሶ እስከ 2003 አልፎ አልፎ ቀጠለ። ካፖርቱ ያው ነው፣ ሲጋራው ያው ነው፣ «አንድ ነገር ብቻ ረስቼ» ብሎ ከበር መመለሱም ያው ነው። እንግዲህ ልዩነት ከተገኘ በተዋናዩ ማሳበብ አይቻልም።

በ1971 የወጣውን የሥዕል ሰብሳቢውን ግድያ ክፍል ተመልከቱ። ገዳዩ የሥዕል ሐያሲ ነው፣ የሞተው አጎቱ ነው። አስከሬኑን በኤሌክትሪክ በሚሞቅ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል፤ ሰውነቱ ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ የሞተበት ሰዓት ይዛባል፤ እሱ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሰው መሐል ነበር። (ብርድ ልብስ ፋብሪካ ላለው ከተማ ሰው ይህ ዝርዝር በተለይ ደስ ይላል።) ከዚያ የተሰረቁትን ሥዕሎች አክስቱ ቤት ደብቆ ወንጀሉን በእሷ ላይ ሊያላክክ ያስባል። መሐል ላይ ግን አንድ ትንሽ ነገር ሆኗል። ሐያሲው ጥቅል ይዞ ቤቱ ሲገባ ኮሎምቦ እዚያው ይጠብቀው ነበር፤ «ምን ይዘሃል፣ እስቲ ልይ» እያለ እጁን ወደ ጥቅሉ ሰደደ፤ ሰውየውም ቶሎ ብሎ ነጠቀው። ተመልካች አይቶ ያልፈዋል፤ ኮሎምቦ ሁልጊዜ የሰው ዕቃ ይነካካልና።

መጨረሻ ላይ ሥዕሎቹ አክስቲቱ ቤት ይገኛሉ። ኮሎምቦ አሻራ ይመርመር ይላል። የተገኘው አሻራ የማን ነው? የኮሎምቦ የራሱ! ያኔ ከጥቅሉ ውስጥ የነካቸው እነዚህ ሥዕሎች ስለነበሩ ነው፤ ስለዚህ ሥዕሎቹ ቀድሞ በሐያሲው እጅ ነበሩ። ሐያሲው ይጮኻል፤ «ውሸት ነው፣ አሁን እዚህ ነው የነካኸው» ይላል። ኮሎምቦ ምንም አይናገርም። እስካሁን ኪሱ ውስጥ የነበሩትን ሁለት እጆች ያወጣል፤ ሁለቱም ጓንት አጥልቀዋል። ክፍሉ እዚያው ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል የለም፣ ካቴና የለም፣ የተሸናፊ ንግግር የለም። ያ ክፍል 75 ደቂቃ ገደማ ነው።

ከ1989 በኋላ የመጡት ግን አብዛኞቹ ማስታወቂያን ጨምሮ ለሁለት ሰዓት የተሠሩ ናቸው፤ ማስታወቂያው ሲወጣ ከ90 ደቂቃ በላይ ይቀራል። የድሮውም እንዲህ ረዘም ያሉ ነበሩት፤ ነገር ግን አጫጭሮቹ ይበዙ ነበር። ሃያ ደቂቃ ትርፍ ጊዜ ሲገኝ ምን ይደረጋል? ገዳዩ መኪና ሲነዳ ይታያል፤ ኮሎምቦ ሊያሥቅ ሲል ትዕይንቱ ይረዝማል፣ ሙዚቃ ይጨመራል። በድሮው ፊት ላይ ቅጽበት ብቻ የሚታየው ሐሳብ በአዲሱ ሙሉ ትዕይንት ይሆናል። ይህ ግን ገና ቀላሉ በሽታ ነው፤ ቁም ነገሩ ካለ ሰው ይታገሣል።

ገደቡ ሲጣስ ነው ነገር የሚበላሸው። በ1992 የወጣው አንድ ክፍል ኮሎምቦን ወደ የወንድሙ ልጅ ሠርግ ይወስደዋል፤ ሙሽራዋ ትታገታለች፣ ሌሊቱን ሙሉ ፍለጋ ነው። ታሪኩ የተወሰደው ከሌላ ደራሲ የፖሊስ ልብ ወለድ ነው፤ ኤድ ማክቤይን ለሌላ ዓይነት መርማሪ የጻፈው ነው። መጀመሪያ የምናየው ግድያ የለም፤ ስለዚህ ገዳዩንና ኮሎምቦን ፊት ለፊት የሚያስቀምጥ ጨዋታ የለም። ያ ቀልደኛ፣ ቀስ ብሎ የሚጎትት ሰው በሩጫ ላይ ሲሆን ማንም ሌላ መርማሪ ይመስላል። በ1994 ከዚያው ደራሲ ሌላ ታሪክ ተወስዶ ስሕተቱ ተደገመ። በጎኑ ደግሞ በ1990 የወጣው፣ ፓትሪክ ማጉሀን ጠበቃ ሆኖ የሚገድልበት ክፍል አለ። እዚያ ያለው ማስረጃ ገዳዩ ሳያስብ የገመጠው አይብና በኋላ የጣለው ማስቲካ ነው፤ የጥርሱ ምልክት በሁለቱም ላይ አለ። ገዳዩን ከመጀመሪያው እናውቀዋለን፣ አይቡንም ሲገምጥ እናያለን፣ ግን አንጠረጥረውም። ለዚያ ክፍል ፎልክም ማጉሀንም ኤሚ ሽልማት አግኝተዋል። በአንድ ዘመን፣ በአንድ ተዋናይ፣ ገደቡ የተጠበቀበት ክፍል ቆመ፤ የተጣሰበት ወደቀ።

24 ይህን ሐሳቤን ትንሽ ይፈታተነዋል። ከ2001 ጀምሮ አንድ ሲዝን አንድ ቀን ነበር፤ 24 ክፍል፣ 24 ሰዓት። በ2014 ለንደን ላይ ሲመለስ 12 ክፍል ሆነ፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ 12 ሰዓት ዘለለ። ገደቡ በግልጽ ተጣሰ። ሆኖም ከብዙዎቹ የድሮ ሲዝኖች ይልቅ የጠበቀ ነው። ለምን? የድሮው ገደብ እስከ መጨረሻው የሚያሠራ አልነበረም። መካከለኛዎቹን ሰዓታት ለመሙላት በመጀመሪያው ሲዝን የዋናው ገጸ ባሕርይ ሚስት ትዝታዋ ይጠፋል፤ በሁለተኛው ደግሞ ልጁ ኪም ጫካ ውስጥ ከአውሬ ጋር ትፋጠጣለች። አዲሱ ያንን ጥሎ ሰዓቱን ግን በየክፍሉ ጠበቀ። የሰዓቱ ቆጠራ ነው እንጂ ቁጥር 24 አልነበረም ገደቡ።

24ን በፍላሽ የሚያይ ሰው ግር ከሚለው ነገር አንዱ ሰዓቱ በድንገት አራት አምስት ደቂቃ መዝለሉ ነው። ፋይሉ ተቆርጦ አይደለም። ድራማው የማስታወቂያውን ጊዜም እንደ እውነተኛ ጊዜ ይቆጥራል፤ ማስታወቂያው ሲወጣ 60 ደቂቃው ወደ 43 ገደማ ይወርዳል፣ ሰዓቱ ግን ቀጥሏል።

ወደ አመዛዘኑ ስንገባ፣ ሚዛን የሚያዛባው ብዙ ጊዜ ከድራማው ውጭ ያለው ነው። በ2005 አካባቢ የተቀዳ ፋይል ለአንድ ክፍል 350 ሜጋባይት ገደማ ነበር፤ አዲሱ ከአንድ ጊጋ ይበልጣል። የደበዘዘ ምስልን ከጠራ ጋር አስቀምጦ «የድሮው ደከመ» ማለት ዓይንን መመዘን ነው። የሚቻል ከሆነ ሁለቱን በአንድ ጥራት አስጭኑ። በአማርኛ ተራኪ የተጫነበት ትርጉም ፊልም ለሌላ ጊዜ ይሁን፤ ተራኪው ንግግሩን ያሳጥራል፣ ቀልድ ይጨምራል፤ ኮሎምቦ ላይ ደግሞ ፍንጩ ያለው ንግግሩ ውስጥ ነው። ከዲሽ የሚታየውም የተቆረጠ ሊሆን ይችላል፤ ደም ያለበት ትዕይንት ሲወጣ አንዳንዴ ማስረጃው አብሮ ይወጣል።

ቴሌቪዥኑም ይዋሻል። የድሮው ኮሎምቦ ወደ አራት ማዕዘን የቀረበ ምስል ነው። ሰፊው ስክሪን ለመሙላት ወደ ጎን ከጎተተው ፊቱ ይወፍራል፣ መኪናውም ይረዝማል። በሪሞቱ የምስሉን ቅርጽ ወደ 4:3 መልሱት፤ ግራና ቀኝ ጥቁር መሆኑ ትክክል ነው። ላይና ታች ተቆርጦ የሰፋ ቅጂ ከደረሳችሁ ደግሞ እጅ ላይ ያለ ነገር ከስክሪኑ ሊወጣ ይችላል፤ ጓንቱን ሳታዩ ልትቀሩ ነው። አዳዲስ ቴሌቪዥኖች እንቅስቃሴውን የሚያለሰልስ ቅንብር አላቸው፤ በፊልም የተቀረጸውን ሁሉ የስቱዲዮ ድራማ ያስመስለዋል። አጥፉት።

የትኛውን ክፍል ማየት እንዳለበት የሚጠይቅ ካለ፣ የመጀመሪያውን አይምረጥ። የመጀመሪያ ክፍል ገንዘብም ጊዜም የፈሰሰበት ነው፤ የተለመደውን ሥራ አያሳይም። ከሁለቱም በኩል ሦስተኛውን፣ አንድ ከመሐል፣ አንድ ከመጨረሻው በፊት ያለውን ይያዝ። እያፈራረቀ ግን አይየው። ከአርባ ሁለት ደቂቃ ፈጣን ድራማ ወደ 1971 ሲመለስ ዓይን ይቸኩላል፤ የድሮውን ሁሉ ጨርሶ ወደ አዲሱ ይሂድ። መብራት ጠፍቶ መሐል ላይ ከተቋረጠ፣ ከቆመበት ሳይሆን ከመጀመሪያው ይጀምር፤ ጓንትና ብሎን የሚዘሩት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው።

ደብተር መያዝም ይጠቅማል። የሚጻፈው ብዙ አይደለም፤ እያንዳንዱ ፍንጭ እንዴት ተገኘ የሚለው ብቻ ነው። በዓይን ታየ? ሰው ተናገረ? ወይስ ማሽን ነገራቸው? ይህን ሃዋይ ፋይቭ ኦ በሚባለው የፖሊስ ድራማ ላይ ሞክሩት። የድሮው ከ1968 እስከ 1980፣ አዲሱ ከ2010 እስከ 2020 ሄዷል። የሞርተን ስቲቨንስ ሙዚቃ ሁለቱንም ይከፍታል፣ መርማሪዎቹ ማክጋሬትና ዳኒም በስም በሁለቱም አሉ፤ አዲሱ በባሕሩም በተኩሱም ያምራል። የአዲሱን ደብተር ስታዩ ግን «ማሽን» የሚለው መደዳ ይሞላል። ቢሮው ውስጥ በጣት የሚነካ ትልቅ የኮምፒውተር ጠረጴዛ አለ፤ አንዱ ይነካዋል፣ የተጠርጣሪው ፎቶ ብቅ ይላል፣ ሁሉም ጠመንጃ ይዞ ይወጣል። ወፍ የማያስፈልገው አውጫጭኝ። ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ አራት አምስት ዋና ገጸ ባሕርያትን፣ የቤተሰባቸውን ጉዳይና ሁለት የተኩስ ትዕይንት በ42 ደቂቃ ለማስገባት ምርመራው መታጠር ነበረበት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአንድ ሰዓት ድራማ 50 ደቂቃ ገደማ ነበር፤ ያ ስምንት ደቂቃ መርማሪው በር እያንኳኳ የሚዞርበት ነበር።

ዴክስተር ላይ ደግሞ ደብተሩ ሌላ ነገር ያጋልጣል። ከ2006 እስከ 2013 በነበረው ተከታታይ ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ ነፍሰ ገዳዩ ዴክስተር፣ ሰለባዎቹን የሚያስተኛበት መድኃኒት ኤም 99 እየተባለ ደጋግሞ ይጠራል፤ ለእንስሳት የሚሰጥ ከባድ ማደንዘዣ ነው። በ2021 ኒው ብለድ ተብሎ ሲመለስ የፖሊስ አዛዧ ፍቅረኛው ማንነቱን የምትደርስበት ዋና ፍንጭ ኬታሚን ነው። የድሮውን በልቡ የያዘ ተመልካች ወዲያው ነቃ። የሚያናድደው ይህን ያደረጉት አዲስ ሰዎች አለመሆናቸው ነው፤ የመጀመሪያዎቹን አራት ሲዝኖች የመራው ክላይድ ፊሊፕስ ራሱ ነበር የተመለሰው። የወንጀል ድራማ ተመልካች እንደ ሽማግሌ ነው፣ የተባለውን ይይዛል። መያዣው ማስረጃ ከተሳሳተ ውሳኔው ምንም ያህል ቢያምር አይጸናም። በረዶው፣ ከተማው ትንሽ መሆኗና ሁሉም ሁሉን ማወቁ ግን ጥሩ ነበር፤ ዴክስተርን ከማያሚ ሕዝብ መሐል አውጥቶ መደበቂያ ማሳጣት እውነተኛ ገደብ ነው። በ2022 መጀመሪያ ልጁ ተኩሶበት አለቀ፤ በ2025 ደግሞ ሌላ ተከታታይ ከሞት አስነሣው። ሞት እንኳ የማይጸናበት ቤት ውስጥ ከዚህ በኋላ የሚተኮስ ጥይት ማንን ያስደነግጣል?

ሎው ኤንድ ኦርደር ላይ ብዙ አልቆይም። ከ1990 እስከ 2010 ሃያ ሲዝን ሄደ፤ በ2022 ሲመለስ 21ኛው ሲዝን ተባለ፣ ምንም እንዳልተቋረጠ። ግማሽ በግማሹ ተጠብቋል፣ የገጸ ባሕርያቱ የቤት ኑሮም እንደ ድሮው ወደ ውጭ ተትቷል። አጽሙ ሙሉ ነው። የሚጎድለው ዳኝነቱን ለተመልካች መተው ነው፤ መርማሪዎቹ መኪና ውስጥ ተቀምጠው የጉዳዩን ግራና ቀኝ ለእኛ ያብራሩልናል፤ የድሮው ይህን ለፍርድ ቤቱ ያቆየው ነበር።

መሐል ሜዳም ሆነ ሸዋ ሮቢት ሆኖ ዳታው ለብዙ የማይበቃው፣ ምሽቱም ለሁለት ክፍል ብቻ የሚበቃው ሰው ሁለቱን ኮሎምቦዎች ይያዝ፤ የ1971ን የሥዕሉን ክፍልና የ1990ን የጠበቃውን። የ1971ዱን ያስቀድም፤ የ1990ው ከቀደመ፣ በሰፊ ጊዜ የለመደ ዓይን የጥቅሉን ቅጽበት ይዘለዋል። ሦስተኛ ምሽት ካገኘ የ1992ን የሠርጉን ይጨምር፤ ምሽት ካላገኘም አልቀረበትም።